የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

መስከረም 9

ይድረስ ለጭምቷ ልጄ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የሞላ፣ አባትሽም ቀለም ሲቀባ ከመሰላሉ ያልወደቀ ይሁን። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽና ከወገቤ በቀር የሚያመኝ የለም።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ ስልክ ስደውልልሽ የምሰማው ትንፋሽሽን ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ «ደህና ነሽ?» አልኩሽ፤ «እ» አልሽ። «ሥራ እንዴት ነው?» አልኩሽ፤ «እ» አልሽ። «ቤቱ ተቃጠለ?» ብልሽም «እ» ሳትይኝ አትቀሪም ነበር። ኋላ አባትሽ ስልኩን ተቀብሎ «በአፏ አትችልም፣ በጽሑፍ ግን ማንም አይደርስባትም፤ ስምንተኛ ክፍል በድርሰት አንደኛ ነበረች» አለኝ። እንግዲያው ጻፊልኝ።

አንቺ በፎቶ እንጂ በአካል አታውቂኝም፤ ስሄድ ገና ጡት ትጠቢ ነበር። እናትሽና እኔ የእህትማማች ልጆች ነን። ያደግነው በአንድ አልጋ ነው። ነፍሷን ይማረውና እሷ ታስባለች፣ እኔ እሮጣለሁ። ለዚህ ነው ቤተሰቡ እስካሁን «ችኩሏ» የሚለኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የምሠራው የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። አንሶላው ከማድረቂያው እንደ ትኩስ ዳቦ እየጋለ ይወጣል። ለብቻ አይታጠፍም፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ ሁለቱን ማዕዘን ትይዛለች፣ ሌላዋ ሁለቱን። ይሳባል፣ ይራገፋል፣ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወደ መሐል ሄዳችሁ እጅ ለእጅ ትገናኛላችሁ፣ እንደገና ትለያያላችሁ። ከረጅሟ ጋር አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስናጥፍ ኖርን። ስሟን እዚህ ማንም አይጠራውም፣ ሁሉም ረጅሟ ነው የሚላት። ሐምሌ ላይ ጡረታ ወጥታ ልጇ ጋ ገባች። አሁን በየቀኑ ሌላ ሰው ይመድቡልኛል። እኔ ስስብ እሱ ይለቃል፣ እኔ ስለቅ እሱ ይስባል፣ አንሶላው መሬት ይነካል፣ እንደገና ወደ ማጠቢያው።

አለቃችን «የምታውቂው ሰው ካለ አምጪ» አለኝ። አፉን ሳይገጥም «አለች!» አልኩት። ለአባትሽ ነገርኩት፤ እሱም ነግሮሽ «ነቀነቀች» አለኝ። ጥር ላይ አሥራ ስምንት ይሞላሻል። ፎርሙ ግን ተፈርሞ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ እዚህ መግባት አለበት።

እስከዚያው የጫማ ቁጥርሽን ጻፊልኝ። የኛ ወለል እርጥብ ስለሆነ ያለ ሥራ ጫማ አያስቆምም።

ግንባርሽን በሩቁ የምስም
አክስትሽ ችኩሏ


ጥቅምት 14

ለተከበሩ አክስቴ፤

ደብዳቤዎን ሳነበው ድምፅዎን የሰማሁ መሰለኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወገብዎንም ይማርልኝ። አባዬ ደህና ነው፣ ከመሰላሉ አልወደቀም። እኔም ደህና ነኝ።

ስልክ ላይ ዝም ስለምል ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። አንዱን ቃል ስመርጥ ሌላው ሰው ወደሚቀጥለው ወሬ ይሄድብኛል።

የጫማ ቁጥሬ ሠላሳ ሰባት ነው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ «እ» ስላልኩ አሁን ልንገርዎ። ስፌት ቤት ከገባሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ሦስት መኪና፣ አንድ ካውያና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት አለን። እትዬ ስፌት ሳይሆን መቁረጥ ነው ሙያ የምትለው። «መስፋት ይፈታል፣ የተቆረጠ አይመለስም» ትላለች። ለዚህም ብላ አንድ ሥርዓት አውጥታለች። ልክ የወሰደ ሰው መቀስ ከማንሳቱ በፊት ልኩን ለባለ ልብሱ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ያነባል። «ትከሻ አርባ» ሲባል ባለ ልብሱ «ይሁን» ይላል። «እጅጌ ሃምሳ ስምንት»፣ «ይሁን»። የመጨረሻው «ይሁን» ሳይባል መቀስ አይገባም። ሰፈሩ ይስቅብናል፤ ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን በራችን ላይ ሲያልፍ «ዛሬስ ማን ተሾመ?» ይላል።

እኔ ማንበብ ሲደርሰኝ ደብተሩን አዙሬ አሳያቸዋለሁ። አይተው ይነቀንቃሉ። እትዬ ካየችኝ ትቆጣለች፣ ካላየችኝ ግን ያልፋል። አባዬም «ዝም አይነቅዝም» ስለሚል ሰው ፊት ባለመናገሬ ብዙ አልጨነቅም።

ከአራት ወር ወዲህ እትዬ ቀላል ቀላሉን እንድቆርጥ ፈቅዳልኛለች። እጅጌ ግን ገና ነው። የእጅጌ አናት ቆረጣ ሁለት ዓመት ይፈጃል ትላለች፤ ትከሻው ላይ ሳይጨማደድ የሚቀመጥ እጅጌ ከሩቅ ይታወቃል። መንገድ ላይ ስሄድ የሰው ትከሻ ብቻ ሆኗል የማየው።

ስለ መምጣቴ የጻፉልኝ መልካም ነው። አባዬ ለፀጉር አስተካካዩም ለሌሎቹም ነግሯቸዋል። ከፀጉር አስተካካዩም ሻንጣ ተውሶ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጦታል።

አክባሪዎ
ልጅዎ


ኅዳር 1

ይድረስ ለልጄ፤

ደግ ቀን ይዋልብሽ፣ ደግ ሰው ይግጠምሽ። ደብዳቤሽ እንደደረሰ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው ያነበብኩት። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ መቀስ! ስለኔ ግን «መልካም ነው»። ምኑ ነው መልካሙ? አየሩ ነው፣ ወረቀቱ ነው፣ እኔ ነኝ? አባትሽ «ነቀነቀች» አለኝ፣ አንቺ «መልካም ነው» ትያለሽ። ከናንተ ቤት አንድ «አዎ» ለማውጣት ጥርስ ነቃይ ያስፈልጋል።

ፎርሙን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በእርሳስ ምልክት ያደረግኩበት ቦታ ላይ ትፈርሚያለሽ።

እንዳትፈሪ። ብዙ ሲያስቡ ነገር ይወሳሰባል። እኔን እዪኝ። የመሄዴን ወሬ የሰማሁት ማክሰኞ ነው፣ የሄድኩት ዓርብ። እናትሽ «ቆይ እስኪ፣ ሥራው ምን እንደሆነ እንኳ ጠይቂ» አለችኝ። ለመጠየቅ ጊዜ የት ነበረኝ! ስደርስ ሥራው ዓሣ ማጽዳት ሆኖ ተገኘ። ሦስት ዓመት ዓሣ ዓሣ ስሸት ኖርኩ፤ ድመት ሁሉ ትከተለኝ ነበር። ግን ይኸው፣ አልሞትኩም።

አሁንም ያው ነኝ። ባለፈው ወር አለቃችን ጠርቶ «የፈረቃ ኃላፊ ሁኚ፤ መቀመጫ አለው፣ ወገብሽም ያርፋል» አለኝ። አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ «አይሆንም» ብዬው ወጣሁ። በነሱ ቋንቋ ሪፖርት መጻፍ ይኖረዋል፤ እኔ ደግሞ ከረጅሟ የተማርኩት መናገሩን እንጂ መጻፉን አይደለም። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ አላውቅም፤ ለምን ልቀመጥ? ረጅሟም «አንቺ ከተቀመጥሽ ትዝጊያለሽ» ትለኝ ነበር።

ቤት ቀይሬያለሁ። ሁለት መስኮት አለው። ሁለተኛ ትራስም ገዝቼያለሁ፤ ሻጩ ለስላሳ ወይስ ጠንካራ ሲለኝ ስለ አንቺ ምንም አለማወቄ ታወቀኝ። ለስላሳውን ወሰድኩ። እናትሽ ለስላሳ ነበር የምትወደው።

ፎቶሽን ላኪልኝ። ቁመትሽንም ጻፊልኝ። ረጅሟ ረጅም ስለነበረች አንሶላው ከሷ ጋር መሬት አይነካም ነበር።

ፈርመሽ በቶሎ መልሺልኝ።

የምትጠብቅሽ
አክስትሽ


ኅዳር 28

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደ ልብዎ መልካምነት ሁሉ ነገር ይቅናዎት። መልስ ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ፎርሙ ደርሶኛል። ጠረጴዛው ላይ ነው። እስካሁን አልፈረምኩም። ለምን እንደሆነ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ዛሬ ግን የሆነውን ነገር ልንገርዎ፤ ምናልባት እሱን ስነግርዎ ሌላውም ይገባዎት ይሆናል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንዲት ሴትዮ ወደ ስፌት ቤቱ መጡ። አውቶቡስ ጣቢያ ቲኬት የሚሸጡ ናቸው። ጥቁር አረንጓዴ የሱፍ ካፖርት በሁለት እጃቸው ታቅፈው ነበር፣ ልክ ሕፃን እንደሚታቀፍ። የእናታቸው ነው። እናታቸው ዘንድሮ አርፈዋል። ለራሳቸው ልክ ይስተካከልልኝ አሉ። ድምፃቸው ከኔም ያነሰ ነው።

እትዬ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር። ልክ ወሰድኩ። ርዝመቱን ስጠይቃቸው እጃቸውን ወደ ታች ዘረጋ አድርገው «እስከዚህ» አሉ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አልደረሰም። ሰማንያ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ደብተሩን አዙሬ አሳየኋቸው። አዩት፣ ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ። በማግስቱ ቆረጥኩት።

እትዬ ጠረጴዛው ላይ ስታየው «ይህን ያህል አጭር ነው ያሉሽ?» አለችኝ። «ነቀነቁ» አልኳት። «ነቀነቁ? አንብበሽላቸው ነው?» ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ ሁልጊዜ ይገባታል። መቀሱን ከእጄ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ ሲመጡ አንቺ ንገሪያቸው» አልኳት።

«መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ እንዴ? የቆረጠ ይናገር።»

ሴትዮዋ በቀጠሯቸው መጡ። ካፖርቱን ለብሰው መስታወቱ ፊት ቆሙ። ከጉልበታቸው በላይ ቀርቷል። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግ አሉና «ጥሩ ነው። ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ይህን እያሉ ግን ሁለቱም እጃቸው ጫፉን ይዞ ወደ ታች ይጎትታል። እሳቸው ልብ አላሉትም። ሱፍ አይለጠጥም እኮ አክስቴ።

ያን ጊዜ ዝም ብል ያልፍ ነበር። አመስግነው ይሄዱ ነበር። እትዬም ከመጋረጃው በስተጀርባ ናት። ለራሴም ባልተሰማኝ ድምፅ «ጥሩ አይደለም» አልኩ።

«ምን አልሽኝ የኔ ልጅ?»

«ጥሩ አይደለም። አሳጥሬብዎታለሁ። ልኩን ማንበብ ነበረብኝ፣ አላነበብኩም።»

መጎተቱን ተዉት። «እሱስ አዎ…» አሉ። «እናቴን እስከ ባቷ ነበር የሚደርሳት። እኔም እንደዚያው ፈልጌ ነበር።»

«ታዲያ ደብተሩን ሳሳይዎት ለምን ነቀነቁ?»

«መነጽሬን ቤት ረስቼው መጥቼ ነበር። ቁጥሩ አልታየኝም። አንቺ ደግሞ እንዲያ ዝም ብለሽ ስታሳዪኝ፣ አይታየኝም ማለት አፈርኩ።»

መጋረጃው ተገለጠና እትዬ ብቅ አለች። «ሁለት ዝምተኞች ተገናኝታችሁ አንድ ካፖርት ፈጃችሁ!» አለች። ሴትዮዋ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔ ግን ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ደግነቱ የቆረጥኩትን አልጣልኩትም ነበር። መልሼ ስገጥመው መገጣጠሚያው እንዳይታይ በመሐል ጥቁር ጥለት እናግባበት አልን። እትዬ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «በይ አንብቢ» አለችኝ። አነበብኩ። «ጠቅላላ ርዝመት መቶ ስምንት።» ሴትዮዋ «ይሁን» አሉ። «የጥለቱ ስፋት አራት።» «ይሁን።» «ኪሱ ከወገብ በታች አሥር።» እጃቸውን ወደ ጎናቸው ሰደድ አድርገው ሞከሩና «አይሁን!» አሉ። «ለእጄ አይመችም፣ ከፍ ይበል።» ይህን ሲሉ ፊታቸው እንዴት እንደበራ ባዩልኝ። የቲኬት መስኮቱ ጋ ሆነው ለማንም «አይሁን» ብለው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ካፖርቱ አልቋል፣ ለብሰውት ሄደዋል። በቅርብ ላየው ሰው ግን መገጣጠሚያው ይታወቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ «ዝም አይነቅዝም» ሲል ያ ካፖርት ይታየኛል።

ቁመቴ አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት ነው። አጭር ነኝ። ፎቶ አልተነሣሁም።

አክባሪዎ
ልጅዎ


ታኅሣሥ 10

ለልጄ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

የሴትዮዋ ነገር ጥሩ ታሪክ ነው። ለሥራ ጓደኞቼ ተርጉሜ ነገርኳቸው፣ ሳቁ። እኔ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የፈለግኩት አንድ ፊርማ ነበር። እሱ የለም። ፎቶም የለም። አለቃችን ትናንት «ልጅቷስ?» አለኝ። «ትመጣለች» አልኩት። ውሸታም አታድርጊኝ።

አዎ ነው ወይስ አይደለም?

ባለሽ ቀን ጻፊ አልልሽም። ዛሬውኑ ጻፊ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 17

ለውድ አክስቴ፤

ይህን ሲያነቡ ቢቻል ተቀምጠው ይሁን፤ አጠገብዎም የሚያጫውትዎ ሰው አይጥፋ።

አልመጣም።

ይህችን ቃል ጽፌ ለረጅም ጊዜ አየኋት። ደብዳቤው ከመዘጋቱ በፊት ግን ለአባዬ መናገር ነበረብኝ፤ ከኔ ሳይሆን ከእርስዎ ቢሰማው አፍር ነበር። ስለዚህ ትናንት ምሳ ላደርስለት ሄድኩ። የአንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር እየቀባ ነው። ተማሪዎቹ ዕረፍት ላይ ስለሆኑ ባዶ ነው። መሰላሉ አናት ላይ ሆኖ ጣሪያውን ይቀባል፤ ጓደኛው ደግሞ ታች ቆሞ ቀለም ይበጠብጣል።

«አባዬ፣ አልሄድም» አልኩት።

«የት?» አለ ሳይዞር። «ወደ ቤት? ቆይ አብረን እንሄዳለን።»

«እዚያ። አክስቴ ጋ።»

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ እዚህ አይሰማም!»

አክስቴ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «አልሄድም!» አልኩ። ባዶው ኮሪደር ተቀብሎ ሦስት ጊዜ መለሰው። የአባዬ ጓደኛ «ግድግዳው ሰማሽ፣ አባትሽ ብቻ ነው የቀረው» አለ።

አባዬ ቀስ ብሎ ወረደ። ብሩሹን መያዙን ረስቶት ነጩ ቀለም ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

«ነቅንቀሽልኝ አልነበር?»

«ነቅንቄ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አልጠየቅከኝም እኮ አባዬ። ትሄጃለሽ ብለህ ነገርከኝ።»

ብሩሹን አየና ባልዲው ውስጥ ከተተው። ከዚያ «ብጠይቅሽ ድምፄ ያጋልጠኛል ብዬ ነው» አለ። «ቅሪ እንደምልሽ ይታወቅብኛል ብዬ። ለአንድ ቀለም ቀቢ ሲባል የልጅ ዕድል አይዘጋም አልኩ። ስትነቀንቂ ልቤ ቁርጥ አለ፣ ግን ደስ ያለኝ ለመምሰል ሻንጣ ተዋስኩ።» ከዚያ ቀለሙ ሳይደርቅ ጫማውን በጋዜጣ መጥረግ ጀመረ። እኔን ላለማየት መሰለኝ።

«እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።»

«ለኔ ብለሽ ነው?»

ይህን ራሴን ብዙ ቀን ጠይቄዋለሁ። ማንም ባይደሰትብኝ፣ ማንም ባይቀየመኝ ምን እፈልግ ነበር ብዬ። አባዬ ደስ ይበለው፣ አክስቴ አይዘኑ፣ እትዬ አትቀየም የሚለውን ሁሉ አንድ በአንድ ሳወጣው የቀረው እጅጌ ነበር። መቁረጥ መማር እፈልጋለሁ። ትንሽ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የኔ ነው። ለአባዬም እንደዚህ ነው የመለስኩለት።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልደፍር፤ ይቅር ይሉኛል። ደብዳቤዎችዎን ደጋግሜ አነበብኳቸው። ስለ ሥራው ጥቅም የጻፉት ጥቂት መስመር ነው። ስለ ረጅሟ የጻፉት ግን ብዙ ነው። ምን ያህል ረጅም እንደነበረች፣ ምን ትል እንደነበር፣ ስትሄድ ምን እንደሆነ። የአንሶላውን ሌላኛ ጫፍ የሚይዝ እጅ አይደለም የጎደለዎት ብዬ አሰብኩ። ከሆነ እኔ ብመጣ እንኳ ረጅሟን አልሆንም። እናቴንም አልሆንም። ለስላሳ ትራስ አልወድም አክስቴ፤ አንገቴን ያመኛል።

እስካሁን ሁላችንም እኔ እንድመጣ ነው የተነጋገርነው። እርስዎን ግን ማንም አልጠየቀዎትም። እኔ ልጠይቅዎ፦ በፈቃድዎ ጊዜ እኛ ጋ መምጣት ይፈልጋሉ? አባዬንም ጠይቄዋለሁ። «ይሁን» ብሏል።

ወዲያው አይመልሱልኝ። አስበውበት ይመልሱልኝ።

የምትወድዎ
ልጅዎ


ጥር 4

ለልጄ፤

ተቀመጪ ያልሽኝን አልሰማሁም። ልብስ ማጠቢያው በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ያኔውኑ ሌላ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። ሁለት ገጽ ነው። «ምስጋና ቢስ» የሚል አለበት፣ «እናትሽ ብትኖር» የሚል አለበት፣ ሌላም የማልነግርሽ አለበት። ፖስታውን ዘግቼ ምላሴ ላይ ያለውን ማስቲሽ እየዋጥኩ ወደ ሣጥኑ ሄድኩ። እጄን ሰድጄ ልጥለው ስል «አስበውበት» ያልሽው መጣብኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከእጅ የወጣውስ? ይዤው ተመለስኩ። ቀደድኩት። በሕይወቴ የሆነ ነገር ጀምሬ ሳልጨርስ ስመለስ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ። በመጨረሻም ተቀመጥኩልሽ ማለት ነው።

ልክ ነሽ። ረጅሟ ከሄደች ወዲህ ምሳዬን የምበላው ቆሜ ነው። ከሷ ጋር እንቀመጥ ነበር። እሷ ስለ ልጇ ታወራለች፣ እኔ ስለማንም የማወራው የለኝም፣ ስለ አንቺ እፈጥር ነበር። ጎበዝ ናት እላለሁ፣ ዘፋኝ ናት እላለሁ፣ እንደኔ ሯጭ ናት እላለሁ። አሁን ግን አንድ ዝምተኛ፣ አጭር፣ ጠንካራ ትራስ የምትወድ ልጅ እንዳለችኝ አወቅኩ። ከፈጠርኳት ትበልጣለች።

ለአለቃችን «አትመጣም» አልኩት። «ለምን?» አለኝ። «ስላልፈለገች» አልኩት። ሌላ ምክንያት ሲጠብቅ ቆየ።

ስለ መምጣቴ የጠየቅሽኝን ብዕሬ ልጽፈው ይሽቀዳደማል። አልጽፈውም። ወረቀቱን እዚህ ላይ አቆመዋለሁ።


ጥር 13

ዘጠኝ ቀን ሆነ። ብዕሩ ሌላ ነው፣ ያኛው አለቀ።

በዘጠኙ ቀን ያደረግኩትን ልንገርሽ። አንድ ቀን መምጣት እንደምፈልግ እርግጠኛ ሆንኩ። በማግስቱ ፈራሁ፤ እናትሽ የሌለችበትን ቤት እንዴት አየዋለሁ አልኩ። ሦስተኛ ቀን ሁለቱንም በወረቀት ጻፍኩ፤ መምጣት የምፈልግበትን በአንድ በኩል፣ የምፈራበትን በሌላ በኩል። የሚገርምሽ፣ በሁለቱም በኩል የተጻፈው እናትሽ ናት።

አለቃችንም ጋ ሄጄ «ያኔ እምቢ ያልኩትን የኃላፊነት ሥራ አሁን ላስብበት?» አልኩት። «ለሌላ ሰጠሁት እኮ» አለኝ። አመመኝ። ግን ሌላ ፈረቃ ሲከፈት እንዲጠይቀኝ ነገርኩት፤ ቢያንስ አረፍተ ነገሩን እስከሚጨርስ እጠብቀዋለሁ። ማታ ማታም ጎረቤቴ ያለች ጡረታ የወጣች አስተማሪ በነሱ ቋንቋ መጻፍ ልታስተምረኝ ተስማምታለች። ፊደል ቆጠራ በዚህ ዕድሜ! ሳቂብኝ፣ ግዴለም።

ከዚያ ፈቃድ ጠየቅኩ። ሃያ ቀን ፈቀዱልኝ፤ ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ ፋይሌን ስታይ «አንቺ በሕይወት አለሽ እንዴ?» አለችኝ።

እመጣለሁ። ዘጠኝ ቀን አስቤ ነው። የካቲት 20፣ ሐሙስ ጠዋት እገባለሁ። ለአባትሽ ንገሪው፤ እንዳይደክም፣ ቤት አይቅባ። ለኔ ብሎ መቀባቱን ከጀመረ ግን የእናትሽን ክፍል እንዳለ ይተውልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አባትሽ ሥራ አይፍታ፣ አንቺ ግን ጣቢያ ድረስ ውጪልኝ። ከጣቢያው እስከ ቤታችሁ ያለውን መንገድ አላውቀውም። ተወልጄ ያደግኩበት ነው፤ ግን ያን ዓርብ ስወጣ እሮጥ ስለነበር አላየሁትም።

ቀስ ብለን እንሄዳለን።

አክስትሽ